ፋና ቤጂንግ ላይ የደበቀችው

ስልኩ የጠራው ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ፋና ቤጂንግ ባረፉበት ሆቴል መታጠቢያ ክፍል ገብታ ጥርሷን ትቦርሽ ነበር። የደወሉት ጋሽ ይልማ ናቸው፤ ሚኒያፖሊስ ያለው የእድራቸው ሰብሳቢ። ቤጂንግ ዓርብ ጠዋት ነው፤ እሳቸው ጋ ገና ሐሙስ ምሽት።

«ብቻሽን ነሽ?»

«መታጠቢያ ቤት ነኝ። ምነው ጋሽ ይልማ?»

«አስካለማርያምስ?»

«ተኝታለች።»

«ሐብተማርያም ወድቋል። መኪናው አጠገብ ነው የተገኘው። አሁን ሆስፒታል ነን። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። ኦፕራሲዮን አያዋጣም ብለዋል።»

ፋና የቧንቧውን ውሃ ከፈተች። ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው።

«ሞተ?»

«አልሞተም። የሰዓታት ነገር ነው አሉ። ቢበዛ እስከ ነገ። እንዳትነግሪያት።»

«ጋሽ ይልማ፣ ባሏ እኮ ነው።»

«ነግረሻት ምን ልታደርግ? አውሮፕላናችሁ ነገ ነው። ዛሬ ብትነሱም የምትደርሱበት መንገድ የለም። ግፊት አለባት። ሰው አገር ብትወድቅብሽ ማን ያነሳልሻል? ቋንቋቸውን አታውቂ፣ ሐኪማቸውን አታውቂ።»

«እሱ ግን እኮ አልሞተም።»

«ያው ነው። ሐኪሙን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደግሞ ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የራሷ ነው።»

እውነታቸውን ነበር።

አስካለማርያም ሴንት ፖል ከተማ ባለ ሆስፒታል የነርስ ረዳት ናት፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ። በሁለቱ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ያሉ ሐበሾች «መርዶ ያለ አስካለ አይነገርም» ይላሉ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። ቀኑን እሷ ትቆርጣለች። ማን እንደሚሄድ፣ ማን በር ላይ እንደሚቆም፣ ማን አጠገብ ተቀምጦ ክንድ እንደሚይዝ እሷ ትደለድላለች። በስልክ አይነገርም። ሥራ ቦታ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰው ጨርሶ አይነገርም፤ ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል። ባለጉዳዩ እህል መቅመሱ ይጣራል። ግፊት ካለበት ወይም ስኳር ካለበት አስካለማርያም ጠጋ ብላ «ኪኒንህን ወስደሃል?» ትላለች። ወስጃለሁ ሲል ቄሱን ታያቸዋለች። ቄሱ ያኔ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ከልምድ የመጣ ሕግ ነው። ባየሽ የምትባል ልጅ የወንድሟን ሞት በስልክ የሰማችው አውራ ጎዳና ላይ እየነዳች ነው። መኪናዋ ከብረት አጥሩ ጋር ተላተመ። ትከሻዋ ተሰበረ፤ ኋላ ወንበር የነበረችው ልጇ በተአምር ተረፈች። ከዚያ ወዲህ አስካለማርያም በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም።

ፋና የዚህ መርዶ ነጋሪ ቡድን ሾፌር ናት። ሽማግሌዎቹን ከየቤታቸው የምትሰበስብ፣ በሰዓቱ የምታደርስ እሷ ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ ትኖራለች፤ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ከመነሻ ጣቢያ ዘግይታ የወጣችው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ስድስቱንም በቀናቸው ታስታውሳለች፤ አራቱ በበረዶ የመጡ ናቸው። ወጣት ሳለች ናይሮቢ ስደተኛ ነበረች። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ «ከዚህ እንዳትንቀሳቀሺ» ተብላ ውሃ ልትጠጣ ሄደች። ስትመለስ ስሟ ተጠርቶ አልፏል። ያ ስም እንደገና እስኪጠራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ቁሚ ካሏት የምትቆም ሴት ሆነች።

ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። ከአስካለማርያምና ከሐብተማርያም ጋር አንድ ሕንፃ፣ አንድ ፎቅ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚኖሩት። የእሁድ ምሳዋ እነሱ ቤት ነው። መንዳት ያስተማራት ሐብተማርያም ነው። ከቅዳሴ በኋላ የተዘጋ ሱቅ መኪና ማቆሚያ ላይ ይወስዳት ነበር። ፍሬን ላይ እግሯን ተክላ በእርምጃ ስትሄድ «አንቺ ልጅ፣ መኪና ነው የያዝሽው ወይስ ታቦት?» ይላታል። «እልልታ ብቻ ነው የቀረን!»

የቻይናውን ጉዞ የገዛው እሱ ነው፤ ለሁለት ሰው፣ ሰባት ቀን፣ ከነአስጎብኚው። ጡረታ ሲወጣ። አስካለማርያም ልጅነቷን ያሳለፈችው ጋይንት ነው፤ ቻይናዎች የወረታ ወልድያን መንገድ ሲሠሩ። አባቷ እዚያ ካምፕ ዘበኛ ነበር። አንዱ መሐንዲስ የቀን መቁጠሪያ ሰጠው። ቀይ ግንብ፣ ወርቅ የመሰለ ጣሪያ፣ ጣሪያው ጫፍ ላይ በሰልፍ የተቀመጡ ትንንሽ አውሬዎች። ያ ወረቀት ዓመቱ ካለፈ በኋላም ሰባት ዓመት ግድግዳቸው ላይ ቆየ። «አንድ ቀን ሄጄ እቆጥራቸዋለሁ» ትል ነበር፤ አውሬዎቹን።

መሄጃው ሲደርስ የሐብተማርያም ጉልበት አመመው። «አስራ ሦስት ሰዓት እግሬን አጥፌ አልቀመጥም። ፋና በኔ ቦታ ትሂድ» አለ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲሸኛቸው ፋናን ወደ ጎን ስቦ «እንዳትጠፋብሽ» አላት። «ዕቃ ስታይ መንገድ አታይም።»

አስካለማርያም ስልኳን የያዘችው ለፎቶ ብቻ ነው። ከውጭ አገር የሚያስደውል መስመር የገዛችው ፋና ናት። በየማታው ወደ ቤት የሚደወለው በፋና ስልክ ነበር።

ፋና ውሃውን ዘጋች። ፊቷን ታጠበች። ወጣች።

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። ሃያ ሁለት መንገደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች። አስጎብኚያቸው ሊን የምትባል ቀጭን ወጣት ናት፤ ቢጫ ባንዲራ ትይዛለች፣ እንግሊዝኛዋ ጥርት ያለ ነው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አለች። ጠዋት የነገሥታቱ ግቢ፣ ከሰዓት የሰማይ መቅደስ። ፓስፖርት እንዳትረሱ።

«ምነው ፊትሽ አብጧል?» አለች አስካለማርያም።

«እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«እኔ አንኮራፍቼ ነው?»

«አዎ።»

«ውሸታም! የምታንኮራፊው አንቺ ነሽ። ሐብቴ እኮ ከግድግዳ ማዶ ይሰማሻል። 'የአውቶቡሷ ሞተር ተነሳ' ይላል።»

ፋና በመስኮት አየች።

በትልቁ የደቡብ በር ገቡ። ሰዉ እንደ ጥምቀት ነው። ሊን ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ትሄዳለች፣ እነሱ ይከተላሉ። ደፉ ከፍ ያለ ነው፤ እንዳይረገጥ፣ ተሻገሩት አለች። አስካለማርያም ቀሚሷን ሰብስባ ተሻገረች። ዛፍ የሌለበት ሰፊ ግቢ ተከፈተ። በዚያኛው ጫፍ ባለ ሦስት እርከን ነጭ ድንጋይ አለ፤ ከላዩ ትልቁ አዳራሽ፣ ቢጫው ጣሪያ።

አስካለማርያም ቆመች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«አየሻቸው?»

«አየሁ።»

«ቆይ። ዝም በይ።» ጣቷን እያነሳች ቆጠረች። «አስር! አስር ናቸው። ወረቀቱ ላይ ሰባት ብቻ ነበር የሚታየው፤ የቀረውን ዝንብ አቆሽሾት።»

ሊን ሰማቻት። በአገሪቱ ሁሉ አስር አውሬ ያለው ይህ ጣሪያ ብቻ ነው አለች፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ነው። አስካለማርያም ደስ አላት። እጇን ፊቷ ላይ ጋርዳ ፎቶ ተነሳች። «በያ ለሐብቴ ላኪለት» አለች።

ፋና ፎቶውን ከፍታ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። አልላከችም።

«ላክሽው?»

«ላክሁ።»

«አየው?»

«ገና ነው።»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለእሳት አደጋ ውሃ ይቀመጥባቸው ከነበሩት ትልልቅ የነሐስ ጋኖች አንዱ አጠገብ ቆመው፣ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። የሆሳዕና መልእክት ነው። ሆሳዕና የአስካለማርያም ብቸኛ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ሚኒያፖሊስ የተወለደች። አማርኛዋን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋለች።

«አንቲ ፋና፣ ማሚን አገናኚኝ። ነርሷ ይሰማል አለች። ስልኩን ጆሮው ላይ አደርጋለሁ። ፕሊስ።»

«ማነው?» አለች አስካለማርያም።

«ከሥራ ነው። ፈረቃ ቀይሪልኝ የምትል ናት።»

«እዚህ ድረስ? ምን ዓይነት ሰው ነው! አትመልሺላት።»

ፋና አልመለሰችላትም።

ከኋለኞቹ አዳራሾች አንዱ ጥላ ሥር ሊን አሳረፈቻቸው። ይህን ግቢና ከሰዓት የሚያዩትን መቅደስ ያሠራው አንድ ንጉሥ ነው አለች። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ከሰሜን ዘመቻ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞተ። ሹማምንቱ ሞቱን ደበቁ። የወታደሩን ቆርቆሮ ሰብስበው አቅልጠው ሬሳውን አሸጉበት። ምግብ በየሰዓቱ ወደ ድንኳኑ ይገባለት ነበር። ዋና ከተማው እስኪደረስ ማንም አላወቀም።

አስካለማርያም ሳቀች። ሰዉ ዞሮ እስኪያያት ነው የሳቀችው።

«ሰማሽ? መርዶ ያውቃሉ! መንገድ ላይ አይነገርም፣ ምሳው ይቀጥላል፣ ቤት ሲገባ ነው። ይቺን ልጅ ሚኒሶታ ወስጄ ከጋሽ ይልማ ጋር አስተዋውቃታለሁ።»

ፋና አብራት ሳቀች። በኋላ ለሰው ስትናገር፣ ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያማት ይህ ነው፤ መሳቋ።

ምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የሚሽከረከር ጠረጴዛ ነው፤ ሳህኑ እየዞረ ይመጣል። ዓርብ ስለሆነ አስካለማርያም ዳክዬውን አሳለፈችው። ቶፉና ጎመን ወሰደች። «ሹሮ ቢኖረው» አለች። ከዚያ አፏን ጠረገችና እጇን ዘረጋች።

«ደውዪልኝ እስቲ። ስለ አስሩ ልንገረው።»

«አሁን እኮ እነሱ ጋ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው።»

«እውነት ነው ለካ።»

«አትቀስቅሺው።»

«ይተኛ፣ ይተኛ። ጉልበቱ ሌሊት ነው የሚነሳበት፤ እንቅልፍ ከወሰደው ተመስገን ነው።»

ፋና ተነሳች። ምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ባዶ ጠርሙስ የተከመረበት ቦታ ቆማ ለሆሳዕና ደወለች። ልጅቷ ስልኩን ገና ሳይጠራ አነሳችው።

«ማሚ?»

«እኔ ነኝ ልጄ። እንዴት ነው?»

«እየተነፈሰ ነው። ስሟን ስጠራ ጣቱ ይንቀሳቀሳል። አንቲ፣ የት ናት?»

«ምሳ ላይ ናት።»

«ምሳ?» አለች ሆሳዕና። «አሁን ስጪያት። አሁን።»

«ሆሲዬ፣ ስሚኝ። ግፊቷን ታውቂያለሽ። ነገ ከአስራ ሁለት ሰዓት በላይ አውሮፕላን ላይ ነን። ጋሽ ይልማ…»

«ጋሽ ይልማ አባቴ አይደለም!» አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ «አባቴ እዚህ ነው ያለው። እየጠበቃት ነው።»

ፋና ግድግዳውን ተደገፈች። ጋሽ ይልማም ሆሳዕናም ትክክል መሰሏት። ይህን የመሰለ ነገር ላይ ደርሳ አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንዱ ትክክል ነው፣ እሱን ትከተላለች።

«ከሰዓት እነግራታለሁ» አለች። «ቦታ ልፈልግ። የምትቀመጥበት ቦታ።»

«ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

ይህንን ስትል እውነቷን ነበር።

የሰማይ መቅደስ ሰፊ መናፈሻ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፣ አሮጊቶች በሙዚቃ ይወዛወዛሉ። ፋና የመጀመሪያዋን አግዳሚ ወንበር አየች። እዚህ አለች በልቧ። ሊን ግን ስለ ጾም ማውራት ጀምራ ነበር። ንጉሡ ለመሥዋዕት ከመቅረቡ በፊት ሦስት ቀን ይጾም ነበር፤ ሥጋ የለ፣ መጠጥ የለ፣ ሴት የለ።

«ሦስት ቀን? ነነዌ በይኛ!» አለች አስካለማርያም፤ አጠገቧ ለነበሩት አሮጊት ስለ ጾመ ነነዌ ታስረዳቸው ጀመር። ሴትዮዋ ሉተራን ነበሩ፤ በጥሞና ሰሟት። ፋና ካቋረጥኳት ነውር ነው አለች። ከክቡ መቅደስ በኋላ።

ክቡ መቅደስ ሦስት ሰማያዊ ጣሪያ ተደራርቦበታል። ያለ ምስማር የቆመ ነው። አስካለማርያም ዞረችው፣ ሁለት ጊዜ። ፋና ከግድግዳው በኋላ አለች።

ግድግዳው ሌላ ክብ ግቢ ነው። ሊን እንዳለችው አንዱ ጫፍ ላይ ቆሞ በቀስታ የተናገረ ሰው ድምፁ በግድግዳው ተሳቦ እሌላው ጫፍ ለቆመ ይሰማል። ሰው ሲበዛ ግን አይሠራም አለች። ሰው በዝቶ ነበር። አስካለማርያም ፋናን ወዲያ ማዶ ላከቻት፤ እሷ ወዲህ ቀረች። ፋና ጆሮዋን ወደ ጡቡ አዘነበለች። የልጆች ጩኸት ብቻ ነው የሰማችው። ከማዶ አስካለማርያም አፏን በእጇ ከልላ ስትናገር ትታያታለች። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው።

ሲገናኙ «ሰማሽ?» አለቻት።

«ሰማሁ።»

«ምን አልኩ?»

«ሐብቴ አልሽ።»

አስካለማርያም እንደ ልጃገረድ አፈረች። «እንዴት ሰማሽ! ስቀልድ ነው እኮ።»

ያኔ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ሐብተማርያም በሕይወት ነበር። የፋና ስልክ ኪሷ ውስጥ ነው። መሠዊያው ይለፍ፣ አውቶቡሱ ውስጥ እነግራታለሁ አለች፤ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ውሃ አለ፣ ሊን አለች። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ስድስት ጊዜ የዘገየች ሴት በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ዘገየች።

መሠዊያው ጣሪያ የለውም። ክብ፣ ነጭ፣ ሦስት እርከን። መሃሉ ላይ አንድ ክብ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ቆሞ ንጉሡ ከሰማይ ጋር ይነጋገር ነበር። ሰው ተሰልፎ አንድ በአንድ እየወጣ ፎቶ ይነሳል። ሰልፉ ረጅም ነው። አስካለማርያም ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ወጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ድምፅዋ ተመልሶ ጆሮዋ ላይ ሲጮህባት ሳቀች።

ፋና ፎቶ ለማንሳት ስልኩን ይዛ ነበር። መልእክቱ በምስሉ ላይ ወረደ። ከጋሽ ይልማ ነው። አንድ ቃል።

«አረፈ።»

ሰዓቱ ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ ይላል። ፋና ፎቶውን አነሳች።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነበር። ፋና ደንቡን ጠብቃ ሄደች። ማታ «ደውዪልኝ» ስትላት መስመሩ አልቋል አለቻት። ሌሊቱን ጀርባዋን ሰጥታት ተኛች። ቅዳሜ ጠዋት በሴኡል በኩል ተሳፈሩ። አስካለማርያም ለሐብተማርያም የገዛችውን የጉልበት ቅባት ከሻንጣ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እንዳይሰበር። ፋና መብራቱ ሲጠፋ ብርድ ልብስ እስከ ግንባሯ ሳበች። መንዳት ላስተማራት ሰው ያለቀሰችው ያኔ ብቻ ነው፤ ድምፅ ሳታሰማ።

የሚኒሶታ ሐይቆች በመስኮት መታየት ሲጀምሩ የምታደርገው አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ጋሽ ይልማ እነ አስካለማርያም ቤት ሰው ሰብስበው ይጠብቃሉ። ቄሱ መጥተዋል። ቁርስ አውሮፕላኑ ላይ ተበልቷል። የቀረው አንድ ነው።

«አስኩ፣ ኪኒንሽን ወስደሻል?»

አስካለማርያም ዞረች። የወንበሩን ቀበቶ እያሰረች ነበር፤ እጇ ቀበቶው ላይ ቀረ። ፋናን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ፣ በሽተኛ እንደምታይ። ያንን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችው እሷ ናት። ከእሱ በኋላ ምን እንደሚመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ማነው?» አለች።

ፋና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ፋና። ልጄ ናት ወይስ ሐብቴ?»

«ሆሳዕና ደህና ናት» አለች ፋና።

አስካለማርያም ቀበቶውን አሰረች። አልጮኸችም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ጀርባ እያየች ተቀመጠች። ጎማው መሬት ሲነካ ብቻ «ወይኔ ሐብቴ» አለች፤ አጠገቧ ያለው ሰው የማይሰማው ያህል።

ሰኞ ቀበሩት። የመጀመሪያዋ ቀጭን በረዶ ወርዳ ነበር። ፋና መቃብሩ ድረስ ሁለት ዙር ሰው አመላለሰች። አስካለማርያም በነዚያ ቀናት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ «ብቻሽን ተሸክመሽው! ብቻሽን እንዴት ቻልሽው!» እያለች። ሰዉም «ፋና ወንድ ናት» አለ። ጋሽ ይልማ «እንደ ሕጉ አደረገችው» ብለው ለቄሱ ተናገሩ። አስካለማርያም የምታውቀው ሐብተማርያም እንደወደቀ እዚያው መሞቱን ነው። ሌላ ነገር የነገራት ሰው አልነበረም።

ሆሳዕና ስድስት ቀን ዝም አለች። በሰባተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ ለእናቷ ነገረቻት። ስልኳን አውጥታ መልእክቶቹን ከነሰዓታቸው አሳየቻት።

ፋና ከሥራ መጥታ ሳህን ልታጥብ ገብታ ነበር። አስካለማርያም ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«አልሞተም ነበር።»

ፋና እጇን ከውሃው አላወጣችም። «ጋሽ ይልማ ያው ነው አሉ።»

«ጋሽ ይልማ ሐኪም ናቸው?»

«ሕጉ ያንቺ ነው አሉኝ አስኩ። ያንቺም ነው። መንገድ ላይ አይነገርም ያልሽው…»

«መርዶ ለሞተ ሰው ነው፣ ፋና።» ጠጋ አለች። «ለሞተ። እኔ ሆስፒታል ቆሜ ለሚያጣጥር ሰው ስልክ እይዛለሁ። ከቴክሳስ የሚደውል አለ፣ ከሜክሲኮ የሚደውል አለ፣ ክንዴ እስኪዝል የማላውቀው ሰው ጆሮ ላይ እይዛለሁ። አንዳንዱ ሁለት ሰዓት ያወራል። አንዳንዱ ይዘፍናል። ይህን ስነግርሽ የኖርኩት ለማን ነው? በየእሁዱ ማዕድ ላይ የምነግርሽ?»

«ትወድቂብኛለሽ ብዬ ነው።»

«ልውደቅ ነበራ።»

ፋና ይቅርታ አለች። አስካለማርያም «እግዜር ይበልሽ» አላለችም፣ «ይፍታሽ»ም አላለችም። ሳህኑን ከእጇ ወስዳ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲያ ጠብ የለም። ሰው ፊት ይሳሳማሉ። ፋና ለአርባው ሃያ አምስት ድፎ ዳቦ ከጋጋሪዋ ጫነች፣ ወንበር አመላለሰች። አስካለማርያም ምግብ ስታቀርብላት በሁለት እጇ ነው፤ «ብዪ እንጂ፣ አልበላሽም» እያለች። ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ። በሃያ ዓመት ውስጥ ፋናን «ብዪ» ብሎ የለመናት ሰው እዚያ ቤት አልነበረም፤ ድስት ከፍታ ነበር የምትበላው።

የአርባው ማግስት ከሰዓት አስካለማርያም ጠራቻት። ሆሳዕና ሥራ ሄዳለች። ጠረጴዛው ላይ የጉብኝቱ ፕሮግራም ተዘርግቷል፤ ሊን ያደለቻቸው ወረቀት። አጠገቡ ሆሳዕና ከሆስፒታል የጻፈቻቸው መልእክቶች፣ ታትመው።

«ተቀመጪ» አለች። መነጽሯን አደረገች። «አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ። እኔ ምን እያደረግሁ ነው?»

«ተኝተሻል።»

ጻፈች። «ሁለት ሰዓት።»

«አውቶቡስ ላይ ነን። አንኮራፍሽ አልኩሽ፣ አንቺ ነሽ አልሽኝ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኑን ገልጦ ነበር ትላለች ሆሳዕና።» ጻፈች። «አራት ተኩል።»

«ጋኖቹ ጋ ነን። አውሬዎቹን ከቆጠርሽ በኋላ።»

«ጣቱ መንቀሳቀስ የጀመረው ያኔ ነው። ስሜን ስትጠራለት።» እስክሪብቶዋ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። «ስድስት ተኩል።»

ፋና የተዘረጉትን ወረቀቶች አየች።

«ስድስት ተኩል፣ ፋና።»

«ደውዪልኝ አልሽኝ።»

«አንቺስ?»

«አትቀስቅሺው አልኩሽ።»

አስካለማርያም ጻፈችው፤ እንደተነገራት፣ ቃል ሳታጎድል። እጅ ጽሕፈቷ የሆስፒታል ነው፣ የበሽተኛ ሙቀት እንደሚመዘገብበት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩልን ጠየቀች፤ ፋና ነገረቻት። ምንም እንዳልሰማችም ነገረቻት። አስካለማርያም ራሷን ነቀነቀችና ጻፈች።

«ለአስራ አንድ አስር ጉዳይ።»

«ድንጋዩ ላይ ወጥተሽ ነበር።»

«ምን እያደረግሁ?»

«ስትስቂ ነበር።»

«ፎቶው አለሽ?»

«አለኝ።»

«ላኪልኝ።»

ፋና ላከችው። አስካለማርያም ስልኳን አላየችም። ወረቀቶቹን ደርባ አጠፈች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኖቿን በመዳፏ ጨመቀች።

«ትወጂው እንደነበር አውቃለሁ» አለች። «ሂጂ አሁን። ስጠራሽ ትመጫለሽ።»

ይህ የሆነው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ፋና አሁንም ያንኑ መስመር ትነዳለች፤ እሁድ እሁድም ትሠራለች፣ ፈረቃውን ራሷ ጠይቃ። አስካለማርያም እስካሁን አልጠራቻትም።